የቢከን ጎዳናው እሳት

ቦስተን ከተማ ውስጥ ባክ ቤይ የሚባል ሰፈር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ረግረጉን በአፈር ደፍነው የሠሩት ሰፈር ነው። የጡብ ቤቶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ቆመዋል፤ የአንዱ ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ ነው። በጎን መስኮት የለም። አየር የሚገባው ወይ ከፊት ከመንገዱ ነው፣ ወይ ከጀርባ። በቢከን ጎዳና በሰሜን በኩል ያሉት ቤቶች ደግሞ ጀርባቸው ወደ ቻርልስ ወንዝ ነው።

መጋቢት 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ከወንዙ በኩል ብርቱ ነፋስ ይነፍስ ነበር። በዚሁ ጎዳና ከ298 ቁጥር ቤት አጠገብ በያጆች ያለ ፈቃድ የብረት መደገፊያ ይበይዳሉ። ፍንጣሪው በረረና 298 ቁጥር ጓሮ ደረቅ እንጨት ላይ አረፈ። ውስጥ ውስጡን ጨሰ፤ ቆይቶ ነደደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ። ከእነሱ መካከል ሌተናንት ኤድዋርድ ዋልሽ 43 ዓመቱ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ማይክል ኬኔዲ 33። ሁለቱ የውሃ ጎማቸውን እየጎተቱ በፊት በር ገቡና ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ከላይ ፎቅ ሰው አለ፤ የታችኛውን እሳት ሳይይዙ ማን ያወጣዋል?

ይህን ጊዜ ነፋሱ ከኋላ ገባ። በጎን መውጫ የለውምና ነበልባሉን እየገፋ እነሱ ወዳሉበት ደረጃ አመራ፤ ቤቱ እንደ ጭስ ማውጫ ሆነ። ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቆይተው በሬዲዮ ድረሱልን አሉ። ውሃ፣ ውሃ አሉ። ጎማው ግን ተቃጥሎ ተበጥሷል። ጓደኞቻቸው ደጋግመው ሊገቡ ሞከሩ፤ ሙቀቱ መለሳቸው። ተጨማሪ ሠራተኞችን ለመጥራት የሚሰጠው ማንቂያ እስከ ዘጠነኛው እርከን ደረሰ። ሁለቱም በሕይወት አልተረፉም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ጎማ ነው። ሰው እሳት ውስጥ የሚገባው ውሃው አይከዳኝም ብሎ ነው፤ የያዘው ጎማ ግን እሳት አይችልም። የኬኔዲ እናት ዝም አላሉም፤ ሙቀት የሚቋቋም ጎማ እንዲሠራ ምርምር የሚደግፍ ድርጅት አቋቋሙ። ከተማውም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብየዳ የሚሠራ ሁሉ የደኅንነት ሥልጠና እንዲወስድ አስገደደ።

እናንተም ተጣብቆ በተሠራ ቤት የምትኖሩ ከሆነ፣ ጎረቤታችሁ ብየዳ ሲጀምር ፈቃዱን ጠይቁት። በያጁ ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ውሃ ይዞ ጓሮውን የሚጠብቅ ሰው አቁሙ።