የሃሌው የላቲን ትምህርት ቤትና ሕንፃዎቹ

የትምህርት ቤት ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመሥራቹ ይጀምራል። እኛ ግን ሙያችን ሕንፃ እንደ መሆኑ መጠን ከግድግዳው ብንጀምር የሚነቅፈን ያለ አይመስለኝም። በጀርመን አገር፣ በዛሌ ወንዝ አጠገብ በተቈረቈረችው በሃሌ ከተማ፣ ርዝመቱ ከ100 ሜትር የሚያልፍ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ቆሞ ይታያል። ስሙም «ረጅሙ ቤት» ነው። የተሠራው ከ1713 እስከ 1716 ባለው ጊዜ ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ ሸክሙን የተሸከመለት እንጨት ነው። በአውሮፓ ካሉት በእንጨት ማዕቀፍ ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ትልቁ እርሱ እንደ ሆነ ይነገርለታል።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቋሚው፣ አግዳሚውና ሰያፍ ድጋፉ እርስ በርስ እየተሰካኩ በእንጨት ችንካር ይያያዛሉ፤ ጀርመኖች በዚህ ዓይነት ማዕቀፍ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ እንደ አገሩና እንደ አቅሙ ጭቃ ወይም ጡብ ይሞሉበታል። የእኛ አገር ጭቃ ቤት የቅርብ ዘመዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልዩነቱ እነርሱ እንጨቱን በልክ ጠርበው ፎቅ በፎቅ ላይ መደረባቸው ነው። «ጭቃና እንጨት ዕድሜ የለውም» እያሉ ደንበኛን የሚያስፈራሩ ባልደረቦቻችን ይህን ቤት አንድ ቀን ቢያዩት እወዳለሁ።

መሥራቹ አውጉስት ኸርማን ፍራንከ ይባላል። በ1663 በሉቤክ ተወልዶ በጎታ አደገ፤ በ1692 ከሃሌ ቅጥር ውጭ ለነበረችው ለግላውኻ መንደር ቄስ፣ ገና በመቋቋም ላይ ለነበረው ዩኒቨርሲቲም የግሪክና የምሥራቅ ቋንቋዎች መምህር ሆኖ መጣ። ግላውኻ በ1682 በወረርሽኝ የተመታች፣ ድኻና መጠጥ ቤት የበዛባት ሠፈር ነበረች። በ1695 የፋሲካ ሰሞን በቤቱ ባኖረው የምጽዋት ሣጥን ውስጥ 4 ታለርና 16 ግሮሽን ተገኘ። ፍራንከ በዚህ ገንዘብ መጻሕፍት ገዛ፤ አንድ ድኻ ተማሪም በሳምንት ጥቂት ግሮሽን እየተከፈለው በየቀኑ ሁለት ሰዓት እንዲያስተምር ቀጠረ። መጻሕፍቱ ለ27 ልጆች ታደሉ፤ የተመለሱት ግን 4 ብቻ ነበሩ። ሰውዬው ተስፋ ከመቍረጥ ይልቅ ሌሎች መጻሕፍት ገዝቶ፣ ከእንግዲህ ከክፍሉ እንዳይወጡ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሚያስደንቅ ፍጥነት አደገ። ለመኳንንት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ፣ በ1697 ደግሞ «ላቲና» የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ረዳቱ ኖይባወር የሙት ልጆች ቤት እንዴት እንደሚሠራ እንዲያጠና ወደ ኆላንድ ተላከ፤ ጥናቱን ሳይጨርስ ተጠራ፤ ሐምሌ 13 ቀን 1698 የዋናው ቤት የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ይህ ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ሕንፃ በ1700 ሰው ገባበት። በአናቱ ላይ ወደ ፀሐይ የሚበርሩ ሁለት ንስሮች ተቀርጸዋል።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ፍራንከ ራሱ እንደ ተረከው፣ ቅዳሜ ሲደርስ የግንበኞቹን ደመወዝ የሚከፍልበት ያጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። በሥራ ተቋራጭነት የኖረ ሰው ይህን ሳያዝን አያነበውም። ነገር ግን ሁሉም በስጦታ ብቻ የሆነ አይደለም። በ1698 ከብራንደንቡርጉ ገዥ ከፍሬድሪክ ሦስተኛ በተገኘ ልዩ መብት ማተሚያ፣ የመጻሕፍት ሱቅና የመድኃኒት ቤት ተቋቋሙ። መድኃኒቱ ሩቅ አገር ድረስ ተሸጠ። በ1710 የተመሠረተው የካንሽታይን መጽሐፍ ቅዱስ ማተሚያም ፊደሉ አንዴ ከተለቀመ በኋላ ሳይፈርስ እንዲቀመጥ በማድረግ ዋጋውን ለድኻ በሚመች መጠን አወረደ።

የግቢውን ንድፍ ልብ ይሏል። ቤቶቹ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ በሁለት ረድፍ ትይዩ ሆነው ረጅምና ጠባብ አደባባይ ያበጃሉ። ማደሪያው፣ መማሪያው፣ መመገቢያ አዳራሹና በላዩ ያለው የጸሎትና የዝማሬ አዳራሽ፣ ሁሉም በእግር ጥቂት ርምጃ ነው። ንድፉ ያማረ ቢሆንም ሥርዓቱን ከትችት ነጻ አላደርገውም። የመኳንንቱ ልጅ፣ የከተሜው ልጅና የድኻው ልጅ በአንድ ግቢ ተሰብስበው በየትምህርት ቤታቸው ተለያይተው ነበር። ተሰጥኦ የታየበት ሙት ልጅ ወደ ላቲና መግባት መቻሉ ለዘመኑ ታላቅ ነገር ነው፤ የልጆች ጨዋታ እንደ ከንቱ ነገር መቈጠሩ ግን የሚያስከፋ ነው። ፍራንከ በ1727 ሲሞት በግቢው የሚማሩት ከ2,000 ይበልጡ ነበር።

ከ1726 እስከ 1728 የተሠራው ቤተ መጻሕፍት፣ ለዚሁ አገልግሎት ብቻ ታስበው ከተገነቡትና በጀርመን ዛሬ ከሚገኙት ቀደምት ሕንፃዎች አንዱ ነው። መደርደሪያዎቹ እንደ ቴአትር መድረክ መጋረጃ ከግራና ከቀኝ ተደርድረዋል። እዚህ ላይ አገራችንን የሚነካ ነገር አለ። ፍራንከ በ1702 ባቋቋመው የምሥራቅ ቋንቋዎች ኮሌጅ መሪ የነበረው ዮሐን ሃይንሪኽ ሚኻኤሊስ ግዕዝን የተማረው ከኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍም በ1652 ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ከመጡት ከአባ ጎርጎርዮስ መማሩ የታወቀ ነው። የፍራንከ አባት ያገለገለውም ይኸንኑ የጎታ መስፍን፣ ኤርንስትን ነበር።

የቤቶቹ መከራ የመጣው ዘግይቶ ነው። መጋቢት 31 ቀን 1945 የአየር ድብደባ ከሕንፃዎቹ ከፊሉን አፈረሰ። በ1946 ድርጅቱ ሕጋዊ ሰውነቱን ተነጥቆ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተቀላቀለ፤ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም ከዋናው ሕንፃ ፊት ለፊት ከፍ ያለ የመኪና ድልድይ ተዘረጋ። እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ቀን አይወድቅም። የጣራው ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ወደ ወራጁ ጫፍ ይሰርጋል፤ እንጨቱ መሰካኪያው ላይ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙ የማይገባው ቦታ ላይ ያርፋል። አንድ ሸክላ በጊዜው መተካት የሚጠይቀው ወጪ ኢምንት ነው። ነገር ግን የሚተካው ሰው ኃላፊነቱ የማን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት፤ ባለቤት የሌለው ግቢ ያጣው ይህንኑ ነበር።

ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ሲዋሐዱ ብዙዎቹ ቤቶች ለመፍረስ ተቃርበው ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሊቁ ፓውል ራበ ወዳጆችን አሰባስቦ ተከራከረላቸው፤ ድርጅቱ በ1991 እንደ ገና ሲቋቋም ከ1992 እስከ 2000 በዳይሬክተርነት መራው። አፍርሶ አዲስ መሥራት በቀለለ ነበር። እርሱ ግን ቤት በቤት እያስጠገነ ሄደ።

ላቲና ዛሬ የክፍለ ሀገሩ ጂምናዚየም ነው፤ ቋንቋና ሙዚቃም የሚታወቅባቸው ትምህርቶች ናቸው። አዳሪዎቹ የሚኖሩት በዚያው ግቢ ነው። በአደባባዩ መጨረሻ ቀራጺው ራውኽ በ1829 ያቆመው የፍራንከ ሐውልት ከሁለት ልጆች ጋር ቆሞ ይታያል፤ የመኪናው ድልድይም እስከ ዛሬ ከግቢው ፊት ለፊት አለ።