በደረቅ ሐይቅ ላይ የሚሮጥ ሸራ

ነፋስ በባሕር ላይ መርከብን እንዲነዳ ማድረግ ከጥንት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። ያንኑ ነፋስ በየብስ ላይ ሠረገላ እንዲያስኬድ ለማድረግ ግን ብዙ ሰዎች ደክመዋል፤ ከሠረገላውም ሥራ ይልቅ ያደከማቸው ነፋሱንና ሜዳውን መጠበቅ ነበረ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1600 ዓ.ም. ገደማ በኔዘርላንድ አገር የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ የነበረው ሲሞን ስቴቪን ለልዑል ማውሪትስ ባለ ሸራ ሠረገላ ሠራለት። ልዑሉም 28 ያህል ሰዎች አሳፍሮ ከስኼቬኒንገን እስከ ፔተን ባለው የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ሄደ። ከተሳፋሪዎቹም መካከል በኋላ በሕግ ሊቅነቱ ስሙ የተጠራው ወጣቱ ሁጎ ግሮትዩስ፥ በጦርነትም ተማርኮ የነበረው የእስፓኝ አድሚራል ፍራንሲስኮ ደ ሜንዶሳ ነበሩ። መንገዱን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፈጸሙት፤ ፈረሶችም ሊከተሏቸው አልቻሉም ይባላል። ያ ቀን ነፋሱ የቀና፥ አሸዋውም ባሕሩ ደልድሎ የተወው ነበረ።

ነፋሱ ግን ሁልጊዜ አይቀናም። በ1860 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በካንሳስ ይኖር የነበረው ሳሙኤል ፔፐርድ ባለ ሸራ ሠረገላ ሠርቶ፥ ወርቅ ተገኘ ወደ ተባለበት ዛሬ ኮሎራዶ ወደሚባለው አገር ለመሄድ ተነሣ። ጐረቤቶቹ ዘበቱበት፤ እርሱ ግን ከጓደኞቹ ጋራ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ዴንቨር ለመድረስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ዐውሎ ነፋስ ሠረገላውን ከምድር አንሥቶ ሰባበረው። ሰዎቹ በሕይወት ተረፉ፤ ያን ያህል መንገድ ያደረሳቸውም፥ ጥሎ ያስቀራቸውም ያው ነፋስ ነበረ።

በኋላ ዘመን ፍጥነትን የፈለጉ ሰዎች ወደ ደረቁ ሐይቆች ሄዱ። በበረሃ ዝናም ሲዘንም ጐርፉ ደቃቅ ጭቃ ይዞ ወደ ረባዳው ቦታ ይወርዳል፤ ውሃው በፀሐይ ሲደርቅ ጭቃው እንደ ቤት ወለል ተስተካክሎ ይቀራል። በዚያ ሜዳ ላይ ነፋሱን የሚያግድ ዛፍ የለም። ነገር ግን ፀሐይ መሬቱን ስታግለው አየሩ ወደ ላይ ይወጣልና፥ ጧት ጸጥ ብሎ የዋለው ሜዳ ከቀትር በኋላ በድንገተኛ ነፋስና በአቧራ ይናወጣል። ያን ጊዜ አንዱ መንኰራኵር ከምድር ይነሣል፤ ነጂው የሸራውን ገመድ ፈጥኖ ካላላላ ይገለበጣል።

ሠረገላ ከሚነዳው ነፋስ ይልቅ እንዴት ሊፈጥን ይችላል የሚል ይኖር ይሆናል። ነፋሱን ከኋላው ብቻ ተቀብሎ ቢሄድ በእውነት አይቀድመውም። ከጎን ሲቀበለው ግን መንኰራኵሮቹ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይከለክሉታል፥ ሸራውም ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በፈጠነም መጠን በገዛ ሩጫው የሚገጥመው አየር ከነፋሱ ጋራ ተጨምሮ ኃይሉን ያበዛለታል።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጄንኪንስ ለዚህ ነገር 10 ዓመት ያህል ደክሞ፥ ማርች 26 ቀን 2009 ዓ.ም. ካሊፎርኒያና ኔቫዳ በሚዋሰኑበት በኢቫንፓ ደረቅ ሐይቅ ላይ ግሪንበርድ በተባለው ሠረገላ በሰዓት 202.9 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ሸራውም ጨርቅ ሳይሆን እንደ አውሮፕላን ክንፍ የጠነከረ ነበረ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ አውስትራሊያዊው ግሌን አሽቢ ከኒውዚላንድ ባልንጀሮቹ ጋራ ሆሮኑኩ የተባለውን ሠረገላ ይዞ በደቡብ አውስትራሊያ ወዳለው ወደ ጌርድነር የጨው ሐይቅ ሄደ። ነገር ግን ዝናም በዛና ደረቁ ሐይቅ ውሃ ተኛበት። ሠረገላው ተዘጋጅቶ ሳለ ሰዎቹ ለወራት ጠበቁ። ዲሴምበር 11 ቀን፥ ሜዳው ከደረቀ በኋላ፥ ነፋሱ በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነፍስ ሠረገላው 222.4 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ይኸውም ከነፋሱ ፍጥነት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው።

ሠራተኞቹን ያን ያህል ወራት ያስቀመጣቸው ውሃ፥ የደረቁን ሐይቅ ፊት የሚያስተካክለውም ያው ውሃ ነው። ሸራውንና መንኰራኵሩን ሰው ያበጃል፤ የሚሮጥበትን ቀን የሚቈርጡለት ግን ነፋስና ዝናም ናቸው። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ታሪክ ከፍጥነት ታሪክ ይልቅ የትዕግሥት ታሪክ ነው።