«ልክህን እወቅ!» የሚል ማሽን

በአማርኛ «ልክ አስገባው» የሚባለው ሰውን ነው። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ግን ፕሮግራምን ልክ ስለማስገባት ነው። ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ወሬ ነው» ብላችሁ ልትዘሉን ያሰባችሁ ካላችሁ እስቲ ትንሽ ታገሡን። ወሬው ከሽቦና ከቁጥር ይልቅ ስለ ድርሻ፣ ስለ ስግብግብነትና ስለ ይሉኝታ ነው። ሌባም አለበት። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ላይ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም «ፕሮሰስ» ይባላል። ፕሮሰስ ደግሞ ይበላል። የሲፒዩ ጊዜ ይበላል፣ ሚሞሪ ይበላል፣ ዲስክ ይበላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደ ድግስ አሳላፊ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ማን ስንት እንጀራ እንደወሰደ የሚያውቀው እሱ ነው። ታዲያ አሳላፊው አንዱን እንግዳ «በቃህ!» ማለት የሚችለው መቼ ነው? በማንስ ሥልጣን? ይህች ጥያቄ ከ60 ዓመት በላይ ስታከራክር ኖራለች።

አራት ሰዓት በሳምንት

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ፣ በሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቃ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኤም.አይ.ቲ. የተባለው ዩኒቨርሲቲ በ1957 የኮምፒውተር ማዕከሉን ሲከፍት ያገኘውን አንድ ማሽን በፈረቃ ነበር የሚካፈለው። አንዱ ፈረቃ ለራሱ፣ አንዱ ለአካባቢው ኮሌጆች፣ አንዱ ማሽኑን ለሰጠው ለአይ.ቢ.ኤም.። ተማሪው ፕሮግራሙን በካርድ ላይ በስቶ ያስረክብና ይጠብቃል። ከስንት ሰዓት በኋላ ውጤቱን ሲቀበል አንዲት ነጠላ ሰረዝ አሳስቶ እንደነበር ይረዳል። እንደገና ካርድ፣ እንደገና ወረፋ...

በኖቬምበር 1961 እዚያው ኤም.አይ.ቲ. ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ አዲስ ነገር አሳዩ። ብዙ ሰዎች በየራሳቸው መተየቢያ ፊት ተቀምጠው አንዱን ማሽን በአንድ ጊዜ ይጠቀማሉ። ማሽኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት እየዘለለ ለእያንዳንዱ ብቻውን የያዘው ያስመስልለታል። ተራ አሰጣጡም ብልህ ነበር። አጭር ሥራ ያለው ቶሎ ይስተናገዳል፤ ረጅም ሥራ ይዞ የመጣው ወደ ኋላ ይገፋል፣ ተራው ሲደርስ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል። የባንክ ወረፋ እንዲህ ቢሆን ደስታችን ነበር።

ከተራው በላይ ደግሞ ኮታ አለ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃልና የተወሰነ የማሽን ሰዓት ይሰጠዋል። በ1962 አለን ሼር ለተባለ የዶክትሬት ተማሪ የደረሰው በሳምንት 4 ሰዓት ነበር። የሰውየው ጥናት ብዙ ሰው ማሽን ሲጋራ ምን እንደሚፈጠር በኮምፒውተር አስመስሎ ማየት ነበር፤ ይህ ደግሞ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ስለ ማካፈል የሚያጠናው ልጅ ድርሻው አልበቃው አለ!

ምን አደረገ መሰላችሁ? በማዕከሉ አንድ ፋይል እንዲታተምላችሁ ከፈለጋችሁ የፋይሉን ስም በካርድ በስታችሁ ትሰጣላችሁ፤ የታተመው ወረቀት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥላችኋል። ሼር አንድ ዓርብ ማታ ዘግይቶ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ የተቀመጡበት ፋይል እንዲታተም ጠየቀ። ቅዳሜ ማለዳ ማንም ሳይመጣ ሄዶ ወረቀቱን አነሳ። ከዚያ በኋላ በሰው ስም እየገባ የሰውን ሰዓት መብላት ሆነ። ጥፋቱ በእሱ ላይ ብቻ እንዳይቀርም የይለፍ ቃሎቹን ለሌሎችም አካፈለ። (ስሙ «ሼር» መሆኑ የእኛ ፈጠራ አይደለም።) ይህን ሁሉ በዝርዝር የተረከው ራሱ ነው፤ ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. 50 ዓመት ሲሞላው።

የኮምፒውተር ደኅንነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ስርቆት እያሉ ይጠቅሱታል። እኛን የሚገርመን ግን ሌባው የሰረቀው ነገር ነው። ገንዘብ አልወሰደም፣ የማንንም ምስጢር አልፈለገም። የፈለገው ሰዓት ነበር። ኮታው የተጣለው በሰው ስም ላይ ስለነበር ስሙን የያዘ ሁሉ ኮታውን ያዘ።

ሁሉም ሰው ወዳጅ የነበረበት ቤት

በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ጀመሩ። ዛሬ ከአንድሮይድ ስልክ እስከ ትልልቅ ሰርቨሮች ድረስ ያለው ነገር ዘሩ ሲቆጠር ወይ ከዚያ የወጣ ወይ ያንን አይቶ የተሠራ ነው። ዩኒክስ ያደገው ጥቂት ባልደረቦች በሚተዋወቁበት ቤት ስለነበር ይሉኝታ ብዙ ቦታ ይሸፍን ነበር። ሥራው ረጅም የሆነበት ሰው «ናይስ» የምትል ትእዛዝ አለችለት። ፕሮግራሙን በእሷ ካስጀመረው ማሽኑ ለሌሎች ቅድሚያ ይሰጣል። «ናይስ» ማለት ደግ፣ ጨዋ ማለት ነው። ጨዋ ያልሆነስ? እሱ በወቅቱ ብዙም አላሳሰበም።

ሪቺ ራሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስለ ዩኒክስ ደኅንነት አጭር ጽሑፍ ጻፈ። ግልጽነቱን ወደንለታል። ሥርዓቱ ሲሠራ ደኅንነት ታስቦ እንዳልተሠራ ይናገርና ዋናው ድክመት አንድ ተጠቃሚ ማሽኑን ሽባ እንዳያደርግ የሚከለክል ነገር ማነሱ ነው ይላል። ዲስክ ላይ ገደብ የለም፤ ፋይልና ፎልደር የፈለጋችሁትን ያህል ፍጠሩ። በጥቂት መስመር ፎልደር ውስጥ ፎልደር እያከታተለ ዲስኩን የሚጨርስ ፕሮግራምም ለምሳሌ አስቀምጧል። የፕሮሰስ ቁጥር ላይ ብቻ ለአንድ ሰው ጣሪያ ተደርጎ ነበር፤ ያም ቢሆን 20 የሚሆኑ ከባድ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ የለቀቀ ሰው ለሌላው የሚተርፍ ነገር እንደማይተው አልደበቀም።

የፕሮሰስ ቁጥር ለምን ቀድሞ ታሰበበት? ዩኒክስ ላይ አዲስ ፕሮሰስ የሚወለደው «ፎርክ» በሚባል ጥሪ ነው። ፎርክ ያለ ፕሮሰስ ለሁለት ይከፈላል፤ ልጁ የአባቱ ግልባጭ ነው። ልጁም ፎርክ ካለ አራት፣ ከዚያ ስምንት... አሥር ዙር ላይ 1,024። ሃያ ዙር ላይ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ይህን ሆን ብሎ የሚያደርገውን ፕሮግራም «ፎርክ ቦምብ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ግን ሆን ተብሎም አይደለም፤ አንዲት መስመር የተሳሳተች ተማሪ ልታፈነዳው ትችላለች።

ለስላሳውና ጠንካራው ልክ

በ1983 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተዘጋጀው 4.2 ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለው የዩኒክስ ዓይነት «ሴት-አር-ሊሚት» የሚባል ጥሪ ይዞ ወጣ። ኮምፒውተር ላብ የተቀመጠ ሁሉ በትእዛዝ መልኩ «ዩሊሚት» ብሎ ያውቀዋል። መጀመሪያ የለካቸው ነገሮች ስድስት ነበሩ። የሲፒዩ ጊዜ፣ የፋይል መጠን፣ ሦስት የሚሞሪ ልኮች፣ እና ፕሮግራም ሲሞት ዲስክ ላይ ጥሎት የሚሄደው «ሬሳ» መጠን። የፕሮሰስ ብዛትና የተከፈቱ ፋይሎች ኋላ ላይ ተጨመሩ።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ አሠራሩ ያምራል። እያንዳንዱ ነገር ሁለት ልክ አለው። ለስላሳው (ኮካ ማለታችን አይደለም) በሥራ ላይ ያለው ልክ ነው፤ ፕሮሰሱ ራሱ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ጠንካራው ደግሞ ለስላሳው የማያልፈው ጣሪያ ነው። ጣሪያውን ማንም ተራ ፕሮሰስ ዝቅ ማድረግ ይችላል፣ ዝቅ ካደረገ በኋላ ግን መልሶ ከፍ ማድረግ አይችልም። ያ ሥልጣን «ሩት» የሚባለው የማሽኑ አለቃ ነው። የሲፒዩ ጊዜ ላይ ደግሞ ለስላሳውን ስትነኩ ማስጠንቀቂያ ይላክላችኋል፤ ሥራችሁን ሰብስባችሁ በክብር መውጣት ትችላላችሁ። ጠንካራውን ከነካችሁ ግን ወሬ የለም፤ ትገደላላችሁ።

ሌላው ብልሃት ውርስ ነው። ፕሮሰስ ፎርክ ሲል ልጁ የአባቱን ልክ ይዞ ይወለዳል፤ ሥራውን ቀይሮ ሌላ ፕሮግራም ቢሆን እንኳ ልኩ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ የማያምነውን ፕሮግራም ማስኬድ ሲፈልግ መጀመሪያ ፎርክ ይላል፣ ልጁ ላይ ልኩን ያስርበታል፣ ከዚያ ያልታመነውን ፕሮግራም በልጁ ቦታ ይተካዋል። የፕሮግራሚንግ ውድድር የሞከሩ ጓደኞቻችን «ሰዓትህ አልፏል» የምትለዋን መልስ ያውቋታል፤ ይህን የመሰለ ማሰሪያ ናት ከጀርባዋ ያለው።

ግን አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። ከእነዚህ ልኮች አብዛኞቹ የሚለኩት አንድን ፕሮሰስ ለብቻው ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ሰሐን ፈቅዳችሁ፣ እንግዳው ግን ዘመድ ወዳጁን ሁሉ አስከትሎ ቢመጣ ማለት ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ይህ በአደባባይ ታየ። ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኢንተርኔት ላይ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም ለቀቀ። አባቱ በቤል ላብስ በዩኒክስ የይለፍ ቃል ላይ የሠራ፣ በወቅቱ ደግሞ በመንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበር። የልጁ ፕሮግራም ፋይል አያጠፋም። አንድ ማሽን ላይ ሲደርስ «እዚህ ወንድሜ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካለ ከሁለቱ አንዱ ይተዋል። ሰዎች ውሸታም «አለሁ» ባይ እየሠሩ እንዳያባርሩት ግን ከ7 አንዱን ጊዜ መልሱን ሳይሰማ እንዲኖር አደረገው። ይህች ከ7 አንድ ናት ጉድ ያመጣችው። ቅጂዎቹ ተደራርበው ማሽኖቹ መተንፈስ አቃታቸው። በዘመኑ ከነበሩት ወደ 60,000 የሚጠጉ የኢንተርኔት ማሽኖች 6,000 ያህሉ ተነክተዋል ተብሎ ተገመተ። እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው ሲታይ ጨዋ ነበር፤ ያጠፋው ብዛቱ ነው። ሞሪስ በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ፍርድ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። ኋላ ኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ሆነ።

ማን ይሙት?

ሊኑክስ (1991) ሌላ ጣጣ አመጣ። ፕሮግራሞች ሲነሱ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሚሞሪ ይጠይቃሉ። ሊኑክስም ይህን ስለሚያውቅ ከሌለው በላይ ቃል ይገባል። 300 ወንበር ይዞ 500 የሰርግ ካርድ እንደሚበትን ሰው ነው፤ ሁሉም አይመጣም ብሎ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። ሁሉም የመጡ ዕለትስ?

ያን ዕለት ከርነሉ አንዱን መርጦ ይገድላል። የመጀመሪያውን መራጭ ሪክ ቫን ሪል የተባለ ሆላንዳዊ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነበር የጻፈው። ምርጫው በነጥብ ነው፤ በዋናነት ብዙ ሚሞሪ የያዘ ብዙ ነጥብ ያገኛል። እኛ ቅር የሚለን እዚህ ጋ ነው። ብዙ የያዘው አጥፊው ላይሆን ይችላል። አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ሚሞሪ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ፣ ማለትም ቤቱን ተሸክሞ የቆመው ሠራተኛ ነው። ሚሞሪ እያፈሰሰ ያጥለቀለቀው ትንሹ ፕሮግራም ጥግ ይዞ ሲያይ ዳታቤዙ ይገደላል። ለዚህ ሲባል አስተዳዳሪው ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ከ-1,000 እስከ 1,000 ነጥብ እንዲቀንስ ወይም እንዲጨምር ተፈቀደለት። -1,000 የተሰጠው አይነካም። ወዳጅ ያለው ተረፈ ማለት ነው።

መፍትሔው ከሰሐን ወደ ቤተሰብ መሸጋገር ነበር። ከ2006 ጀምሮ ፖል ሜናጅና ሮሂት ሴት የተባሉ የጉግል ኢንጂነሮች ፕሮሰሶችን በቡድን አስሮ ልኩን ለቡድኑ የሚሰጥ ሥራ ጀመሩ። «ሲግሩፕስ» ተብሎ በጃንዋሪ 2008 ከወጣው የሊኑክስ ከርነል ጋር ተቀላቀለ። የቀበሌ ስኳር በቤተሰብ ቁጥር ሲታደል ያየ ሰው ይገባዋል፤ ካርዱ የተጻፈው በአባወራው ስም ነው፣ ልጅ ቢወለድም የተመደበው ስኳር ያው ነው። የሚሞሪ ልኩን ያለፈ ቡድን ውስጥ ሞት ከመጣ የሚሞተው ከዚያው ቡድን ነው፤ የጎረቤት ዳታቤዝ አይነካም። በ2015 የቡድኑን የፕሮሰስ ቁጥር መገደብም ተጨመረ፣ ፎርክ ቦምብም በቤቱ ግቢ ታጠረ። በ2013 ብቅ ያለው ዶከርና ዛሬ «ክላውድ» የሚባለው ገበያ ትልቁ ክፍል የቆመው በዚህ ላይ ነው። የሰርቨር ቁራሽ የተከራየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከራየው ልክ ነው፤ ይህን ያህል ሚሞሪ፣ ይህን ያህል ሲፒዩ፣ በወር ይህን ያህል ዶላር።

አለን ሼር በሳምንት የተፈቀደለትን 4 ሰዓት ሙሉ ያ ማሽን ቢሠራ የሚጨርሰውን ስሌት በእጃችሁ ያለው ስልክ በጥቂት ሰከንድ ይወጣዋል። ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ መራጩም አብሮት አለ። ሚሞሪ ሲጠበው የሚጀምረው ፊት ለፊት ከሌለው፣ ከኋላ ከተዋችሁት ነው። ፎርም እየሞላችሁ ቴሌግራም መጣላችሁ፣ ሄዳችሁ መልስ ጻፋችሁ፣ አንድ ቪዲዮም አያችሁ፣ ስትመለሱ ፎርሙ ባዶ ሆኖ ከአንደኛው ጥያቄ ጀምሮ ይጠብቃችኋል። ኔትወርክን የምንረግምባት አንዳንዷ ቀን የእሱ ሥራ ናት።