የባለመንኮራኩሩ ሳንቃ ዘመን በጋምለ ኦስሎ

በኤከበርግ ኮረብታ ግርጌ፣ የቀድሞዪቱ ኦስሎ ከነካቴድራሏና ከነገዳማቷ ቆማ በነበረችበት ሥፍራ፣ ዛሬ ጋምለ ኦስሎ የሚባለው ክፍለ ከተማ ይገኛል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1624 ዓ.ም. ከተማይቱ በእሳት በጠፋች ጊዜ ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ ሕዝቡን አንሥቶ በአከሽሁስ ምሽግ አጠገብ ስላሰፈረው፣ ከአሮጌው ሥፍራ የቅዱስ ሃልቫርድ ካቴድራል ፍርስራሽ እስከ ዘመናችን ቀርቶ ይታያል። ካምፐንና ቮለረንጋ የተባሉት ሰፈሮች የእንጨት ቤቶቻቸውን ይዘው በአቀበቱ ላይ ተሠርተዋል፤ ቢዮርቪካ ደግሞ ከታች ከባሕሩ ጋር ይገናኛል። የታሪክ ጸሐፍት ይህን ሥፍራ ሲያወሱ ስለ ጳጳሳቱና ስለ ነገሥታቱ ይተርካሉ፤ እኔ ግን ስኬትቦርድና ሎንግቦርድ ስለሚባለው ባለአራት መንኮራኩር ሳንቃ መናገር የምወደው፣ የመንግሥት ሕግና የወጣቶች ፍቅር 11 ዓመት ያህል የታገሉበት ዕቃ ስለ ሆነ ነው።

ሳንቃው የተወለደው በካሊፎርኒያ ጠረፍ ነው። በ1950ዎቹ የባሕር ሞገድ የሚጋልቡ ወጣቶች ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ሥራ መፍታትን ስለ ጠሉ፣ ከሮለር ስኬት የፈቱትን መንኮራኩር በጣውላ ሥር እየመቱ በአስፋልት ላይ ይንሸራተቱ ጀመር። መንኮራኩሩ መጀመሪያ ብረት፣ ቀጥሎም ሸክላ ነበርና፣ ጥቂት ጠጠር ባጋጠመው ቁጥር ቀጥ ብሎ እየቆመ ጋላቢውን ወደ ፊት ይወረውረው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስወርዚ የተባለ አሜሪካዊ ከፖሊዩሬቴን የተሠራውን መንኮራኩር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ የሳንቃው ጠባይ ፈጽሞ ተለወጠ፤ አዲሱ መንኮራኩር መሬቱን ይይዛል፣ ንዝረቱን ይውጣል፣ ትንሹንም ጠጠር ያልፈዋል።

ይህ ጨዋታ በኖርዌይ ገና ሥር ሳይሰድ በ1978 ብዙ ሰው ይጎዳበታል ተብሎ ሳንቃውን መሸጥም ሆነ መጠቀም በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣውም በ1989 ነው። አገሪቱ ለልጆቿ አካል መሳሳቷን አልነቅፍም፤ የሕጉ ውጤት ግን ከታሰበለት ዓላማ እጅግ የራቀ ሆነ። ጨዋታውን የወደዱት ወጣቶች ከፖሊስ ዓይን ለመሰወር በጫካ ውስጥና በተገለለ ሥፍራ ከእንጨት መወጣጫ እየሠሩ መጫወትን ቀጠሉ፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ቢሰበር ወላጅ ወይም ሐኪም ከሚደርስበት ሥፍራ ርቆ ይሰበር ነበር ማለት ነው። ክልከላው በተነሣ በ19ኛው ዓመት፣ በ2008፣ በቢዮርቪካ የኦፔራ ቤት ተመረቀ፤ ነጭ የእብነ በረድ ጣሪያው እስከ ባሕሩ ወርዶ ለሕዝብ መመላለሻ ክፍት ሆነ፣ ንድፉን የሠሩት የስኖሄታ አርክቴክቶችም ስለ ድንጋዩ ልስላሴና ሻካራነት ስኬት የሚነዱትን ወጣቶች አማክረው ነበር። ሕግ ወደ ጫካ ያሳደደው ጨዋታ በአገሪቱ ታላቅ የኪነ ጥበብ ቤት ደጃፍ ምክር ሲጠየቅ ማየት ለእኔ ከታላላቅ ፍትሖች አንዱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ክፍለ ከተማ የሚኖር ወጣት፣ ገንዘቡ አነስተኛ ሆኖ በመንገድ ላይ ተዝናንቶ ለመሄድ የመጀመሪያውን ሎንግቦርድ ሊመርጥ ቢነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መንኮራኩሩን ይመርምር። የኦስሎ መንገድ በክረምት በረዶ እንዳያንሸራትት ጠጠር ይበተንበታል፤ ጠጠሩም በጸደይ እስኪጠረግ ድረስ በእግረኛው መንገድ ላይ ይቆያል፤ በዚህም ላይ በአንዳንድ ጎዳና የድንጋይ ንጣፍና የትራም ሐዲድ ይጨመርበታል። ስለዚህ 70 ሚሊ ሜትር ያህል ዲያሜትር ያለው፣ ጥንካሬው በ78ኤ አካባቢ የሚመዘን ለስላሳ መንኮራኩር ያስፈልገዋል። ከ90 እስከ 105 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ሳንቃ ለጀማሪ እግር ይታዘዛል። በላዩ የተሣለው ሥዕል ዋጋውን ከፍ ቢያደርገውም ለጉዞው የሚጨምርለት የለም፤ በመጫወቻ መደብር በርካሽ የሚሸጠው ጠንካራ ፕላስቲክ መንኮራኩር ያለው ሳንቃም ሲቆጥቡ ማባከን ነው። ያገለገለ ቢገዛም አልቃወምም፤ ጣውላው እንዳልተሰነጠቀና በሥሩ ያለው ብረት እንዳልጎበጠ ማየት ግን ግዴታው ነው። ከመግዛቱ በፊትም ቡአ የተባለው አገልግሎት በኖርዌይ የስፖርት ዕቃ በነጻ ስለሚያውስ፣ በኤከበርግ ቁልቁለት ሳይሆን በሜዳማው የወደብ ዳር መንገድ፣ የራስ ቁር አድርጎ ይሞክረው።

በመንኮራኩሩ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ቢዝግ ሳንቃውን መጣል አያስፈልግም፤ 608 የሚባለው መጠን በብዙ ማሽን ውስጥ የሚገኝ ስለ ሆነ በጥቂት ገንዘብ ይለወጣል። ከኦስሎ ርቀው የሚገኙት የአዲስ አበባ ልጆችም አሮጌ ኩሽኔታ በጣውላ ሥር እየመቱ በቁልቁለት መንዳትን የሚያውቁት ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በላፍቶ የስኬት ሜዳ በተሠራ ጊዜም ብዙዎቹ ወደ ሳንቃው የመጡት ቁልቁለቱን አስቀድመው ተምረው ሳይሆን አይቀርም።