ከጉማሬ ስብ እስከ ደም ፕላዝማ

ራሰ በራነትን ለመፈወስ የተደረገው ጥረት ታሪኩ ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ የአንበሳ፣ የጉማሬና የአዞ ስብ ተደባልቆ ራስ እንዲቀባ ያዝዛል። ዛሬ ግን መድኃኒቱ ከታካሚው ከራሱ ክንድ ይቀዳል፤ ደሙ በመሣሪያ በፍጥነት ተሽከርክሮ ይለይና ፕሌትሌት የበዛበት ፕላዝማ በራስ ቆዳ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል።

ዘዴው ለፀጉር ታስቦ የተገኘ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ ፕሌትሌት በደም መርጋት ያለውን ድርሻ ገለጸ። በ1998 ሮበርት ማርክስና ባልደረቦቹ ፕላዝማውን ለመንጋጋ አጥንት ጥገና አዋሉት፤ በ2006 በፀጉር ንቅለ ተከላ ላይ መሞከሩ ታተመ። መነሻው ፕሌትሌት ቁስልን የሚጠግኑ የእድገት ንጥረ ነገሮችን ይለቃል የሚል ነው።

አንዳንድ ጥናቶች ፀጉር መብዛቱን አሳይተዋል። ሆኖም አዘገጃጀቱና የመርፌው ብዛት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ውጤቱን ማነጻጸር አዳጋች ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ ከፓፒረሱ ዘመን ጀምሮ ተስፋ ከማስረጃ ቀድሞ ገበያ እንደሚወጣ ነው። ስለዚህ ታካሚው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ «ደሜ እንዴት ይዘጋጃል? ውጤቱስ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ተለካ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።