የሦስት ወር መርፌ እና የአንጎል ዕጢ፦ ሴቶች ምን ሊያውቁ ይገባል?

በኢትዮጵያ በስፋት ጥቅም ላይ የሚውለው የወሊድ መከላከያ በተለምዶ "የሦስት ወር መርፌ" ወይም "ዴፖ" የሚባለው ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ100 ያገቡ ሴቶች 41ዱ የወሊድ መከላከያ ይጠቀማሉ፤ 27ቱ ምርጫቸው መርፌ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ ስለሚሰጡት፣ ከሆስፒታል ርቀው ለሚኖሩ ሴቶች በቀላሉ የሚገኝ አገልግሎት ነው።

በመርፌው ውስጥ ያለው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ግን አሁን ሳይንሳዊ ጥያቄ ተነስቶበታል።

መጋቢት 2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ ሜኒንጂዮማ በተባለ ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 18,061 ሴቶች መዝገብ መርምሯል። መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ መጠቀም፣ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ዕጢ የመከሰት ዕድልን 5.6 እጥፍ ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሌቮኖርጀስትሬል የሚለቁ፣ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጡ መከላከያዎች ግን ተመሳሳይ ጭማሪ አልታየባቸውም።

ሜኒንጂዮማ አንጎልን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን የሚነሳ ዕጢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ እድገቱም አዝጋሚ ነው። ይሁን እንጂ እየተለቀ ሲሄድ አንጎልንና ነርቮችን ሊጫን ይችላል። ብዙዎቹ ዕጢዎች ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበሉ ተቀባዮች አሏቸው። ተመራማሪዎች ዕጢውን ከሆርሞን መድኃኒቶች ጋር የሚያያይዙትም በዚህ ምክንያት ነው።

"5.6 እጥፍ" የሚለው አኃዝ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ዕጢው በራሱ እምብዛም የማይከሰት በመሆኑ፣ ዕድሉ ብዙ እጥፍ ቢጨምርም መርፌውን የሚወስዱ አብዛኞቹ ሴቶች አይታመሙም። በተጨማሪም በፈረንሳይ የመርፌው ተጠቃሚዎች ጥቂት ናቸው፤ ከ18,061ዱ ሴቶች መርፌውን የወሰዱት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ማስረጃው የመጣው መርፌው ብዙም ከማይታወቅበት አገር ሲሆን፣ ጥያቄው ይበልጥ የሚመለከተው ግን እንደ ኢትዮጵያ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበትን አገር ነው።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2024 ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መረጃ ላይ እንዲካተት መክሯል። ሜኒንጂዮማ ያለባቸው ወይም ከዚህ ቀደም የነበረባቸው ሴቶች ለወሊድ መከላከያነት እንዳይወስዱትም አሳስቧል።

በጥናቱ ወሳኙ ነገር የአጠቃቀሙ ጊዜ ርዝማኔ ነው። በኢትዮጵያና በምሥራቅ ሱዳን ድንበር አካባቢ ይህንን ማወቅ ቀላል አይደለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2023 ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ብዙዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። በስደት መካከል ካርዷ የጠፋባት ሴት መርፌውን ስንት ዓመት እንደወሰደች የሚነግራት መዝገብ ላይኖር ይችላል። በመሆኑም መርፌው የተጀመረበትን ዓመትና የመጨረሻውን ቀን በወረቀት ወይም በስልክ መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።

የማይተው ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ የመስማት ወይም የማሽተት መቀነስ፣ የእጅና እግር መዛል እንዲሁም ድንገተኛ መንቀጥቀጥ የሚያጋጥማት ሴት ወደ ሐኪም ሄዳ መርፌ እንደምትወስድ መናገር ይኖርባታል። ዕጢው መኖሩ የሚረጋገጠው በኤምአርአይ ወይም በሲቲ ስካን ነው።

መርፌውን በድንጋጤ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ አለው። በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ወሊድ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው አልፏል። መርፌውን ማቆም የምትፈልግ ሴት አስቀድማ ከጤና ባለሙያ ጋር ተማክራ ሌላ የሚስማማትን መከላከያ መያዝ ይኖርባታል።