ደሴቱ የታል?

እስቲ ዛሬ ስለ ስም እንጫወት። ከደሴ ወደ ወልዲያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ የምታገኟት ከተማ ሐይቅ ትባላለች። አጠገቧ የተኛው ውኃም ስሙ ሐይቅ ነው። በሙሉ ስሙ ጥሩት ከተባላችሁ «ሐይቅ ሐይቅ» ልትሉ ነው። ስም የቸገረው አገር ይመስላል! ታዲያ ከከተማዋ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለሚወስደው የእግር መንገድ ስም አውጡ ብንባል ምን እንለዋለን?

«የእስጢፋኖስ መንገድ» ቀድሞ አፍ ላይ ይመጣል። ቢባልም አይበዛበትም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን ካደራጁት በኋላ ቦታው የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈው ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ የአገራችን ጥንታዊ ብራናዎች አንዱ ነው። የገዳሙ አለቃ ደግሞ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ወንበር ነበረው።

ግን አንድ ነገር ከነከነን። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ የእኛዎቹ ሴቶች ከበሩ ይመለሳሉ። የገዳም ሕግ ነው፣ አንከራከርም። መንገዱ ግን የሚሳለመውም፣ መስጊድ የሚሄደውም፣ ዓሣ የሚሸጠውም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሊናፈስ የወጣውም ነው። ወሎ ነው እኮ!

ታሪኩን ስናገላብጥ ሌላ ስም አገኘን። ያ ቦታ ደሴት ነበር። በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቁ ዳር ሲደርስ፣ ለመሻገር መንሳፈፊያ መሥራት ነበረበት። ይህን የጻፈልን ከኢማሙ ወገን የነበረው ዓረብ ፈቂህ ነው። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ተያይዟል። ያ ሁሉ ጦር የተጨነቀበትን እኛ በሸራ ጫማ እንሄድበታለን።

ስለዚህ «የደሴቱ መንገድ» ይባልልን። («የደሴ መንገድ» ብላችሁ መናኸሪያ እንዳትገቡ!)

«የሌለ ደሴት!» ብሎ የሚስቅብን አይጠፋም። አዲስ አበባ ለገሀር የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ቃል ነው። የድሮው ባቡር መምጣት ከተወ ዓመታት አለፉ፤ የአዲሱም ጣቢያ ሌላ ቦታ ነው። የታክሲ ረዳቱ ግን «ለገሀር! ለገሀር!» ማለቱን አልተወም።

የሐይቅ ልጅም ነገ ታፔላውን አንብቦ «አባዬ፣ ደሴቱ የታል?» ይላል። አባትየው ቆም ብሎ፣ ውኃው እስከ የት ይደርስ እንደነበር በእጁ ማሳየት ሊኖርበት ነው።